የጋቢና አልጋ ብርድ ልብስ ስፌት፣ ከልኬት እስከ እጥበት

ልኬት

ለወንድም ጋሼ ሙቅ ብርድ ልብስ ልሰፋለት ነው። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፣ አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረውም ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ነው። ብርድ ሲጠና ሞተር አስነስቶ ያድራል። የቆመ ከባድ መኪና ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይበላል፣ እሺ ነዳጁ ይቅር፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየነዘረና እየጮኸ ሰው እንዴት ይተኛል? ጠዋት ደግሞ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ መንገድ ሊወጣ ነው። እኔ የምፈልገው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማሞቂያውንም ዝቅ አድርጎ፣ ብርድ ሳይቀሰቅሰው የሚያድርበት ነገር ነው።

የጀመርኩት ከፍራሹ ነው። ሜትር ይዤ ጋቢናው ውስጥ ወጥቼ ስለካ ርዝመቱ 200 ሳንቲም፣ ስፋቱ 75። ግን ይሄ 75 ሁሉም ጋ አይደለም፣ ከወንበሩ ጀርባ ጠበብ ይላል፣ እግር ጋ አንዱ ማዕዘን ተቆርጧል፣ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታጠፋል። እንዲህ ዓይነቱን ቅርጽ በሜትር ብቻ መያዝ አይቻልም፣ ስለዚህ ጋዜጣ በፕላስተር እያያያዝኩ ፍራሹ ላይ ዘረጋሁና ጠርዝ ጠርዙን በጣቴ እየተጫንኩ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ከዛ ቆረጥኩት። ወረቀቱ ላይ ራስ፣ እግር፣ የግድግዳ ጎን፣ የመውጫ ጎን ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ከተገለበጠ ፍራሹ ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ የመስታወት ምስል ሆኖ ነው የሚሰፋው።

ቀጥሎ ሰውየው ራሱ። ቁመቱ 184 ነው። በጎኑ አስተኝቼው ሜትሩን ከፍራሹ ተነስቼ በትከሻው ላይ አሳልፌ ወደ ፍራሹ መለስኩት፣ ጉልበቱን ሲያጥፍም እንደዛው። ብርድ ልብስ ስትሰፉ የምትለኩት አልጋውን ብቻ ከሆነ ሰውየው በተገላበጠ ቁጥር አንዱ ጎን ይነሳል። ሁሉንም አስቤ ስፋቱን 140 አደረግኩት።

ሙቀቱ በየት ነው የሚወጣው

መቀስ ከማንሳቴ በፊት ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው። ሙቅ ብርድ ልብስ ሲባል ብዙ ሰው ወፍራም ማለት ይመስለዋል። ብርድ ልብስ ግን በራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ የሚያሞቀው የተኛው ሰው ነው። የተኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ከ70 እስከ 80 ዋት አካባቢ ሙቀት ይሰጣል፣ የኛ ሥራ እሱን እንዳይሄድ ማቆየት ነው። የሚያቆየው ደግሞ በቃጫው መሃል ተይዞ ዝም ብሎ የቆመው አየር ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። አየሩ ከተጨመቀ ወይ በንፋስ ከተገፋ በቃ፣ ስንት ኪሎ ጨርቅ ቢደረብ ዋጋ የለውም።

ጋቢና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ከቤት አልጋ ይለያሉ። ዋናው ችግር ከታች ነው። ፍራሹ ስስ ነው፣ ከስሩ የዕቃ ሳጥን አለ፣ ከሳጥኑ ስር ቆርቆሮና የውጪው ብርድ። ሰው ሲተኛበት ከጀርባው ስር ያለው ማንኛውም ለስላሳ ነገር ይጨመቅና አየሩን ያጣል፣ ስለዚህ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች የሚበርደው ሰው ብዙ ነው። ከዛ ግድግዳው፣ አልጋው ጠባብ ስለሆነ ክርን ወይ ጉልበት ሄዶ መንካቱ አይቀርም። ከዛ እግር፣ ከዛ አንገት። የላዩ ውፍረት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

እርጥበቱን አትርሱ። ሰው ላብ ባይወጣውም በትንፋሽና በቆዳው በአንድ ሌሊት ሩብ ሊትር አካባቢ ውሃ ያወጣል፣ ጋቢናው ደግሞ ትንሽ ክፍል ነው፣ ያ ውሃ ቀዝቃዛ መስታወትና ቆርቆሮ ላይ ሄዶ ያንጠባጥባል፣ የቀረውን አልጋው ይጠጣዋል። ውሃ ሙቀትን ከቆመ አየር በ25 እጥፍ ያህል ያስተላልፋል፣ እና የረጠበ ብርድ ልብስ ለምን እንደማያሞቅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለዚህ አንድ ግዙፍ ነገር ከመስፋት ይልቅ ሦስት ነገር ልሠራ ወሰንኩ፣ ከታች የማይጨመቅ ምንጣፍ፣ መሃል ላይ እግሩ የተዘጋ ልብስ፣ ከላይ የሚደረብ ልብስ። ሁለቱ የላይ ልብሶች በቁልፍ ይያያዛሉ፣ ሙቀት ሲሆን አንዱ ይወልቃል፣ ለየብቻቸው ስለሆኑም ተራ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባሉ። መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፣ ሊታጠብ የማይችል ብርድ ልብስ በአንድ ክረምት ውስጥ ነው የሚጣለው።

ሙሌት

ሦስት ምርጫ ነበረኝ። ጥጥ ለቆዳ ይስማማል ግን ውሃ ይጠጣል፣ ለመድረቅም ይዘገያል፣ ጋቢና ውስጥ ደግሞ የትም አይሰጣም። ፖሊስተር ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን የላብ ሽታ ይይዛል፣ 250 ዲግሪ አልፎ ትንሽ ሲሄድም ይቀልጣል፣ ማሞቂያ አጠገብ ለሚተኛ ሰው ይሄ ልቤን አላረጋጋውም። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞም እርጥብ እርጥብ አይልም፣ ሽታ ቶሎ አይይዝም፣ እሳትም በቀላሉ አይይዘውም፣ እሳቱ ሲነሳለት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ችግሩ እጥበት ነው፣ ተራ ሱፍ በሙቅ ውሃ ከተሽከረከረ ተጨማድዶ ይጠጥራል። እና በማሽን እንዲታጠብ ተደርጎ የተዘጋጀውን የሱፍ ሙሌት ወሰድኩ፣ በካሬ 150 ግራም የሚመዝነውን፣ ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ድርብ።

የአየሩን ነገር በዓይኔ ማየት ፈልጌ ሁለት እኩል ጠርሙስ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ሁለቱንም በአንድ ልክ በተቆረጠ ሙሌት ጠቀለልኳቸው፣ አንደኛውን ላላ አድርጌ፣ ሌላኛውን በገመድ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። የታሰረው ቶሎ ቀዘቀዘ፣ ላላ ያለው ግን በእጅ ሲነካ ገና ሙቅ ነበር። ያው ሱፍ፣ ያው ክብደት። ከዚህ በኋላ ስፌቱን በሙሉ ያሰብኩት እንዳልጨምቀው ነው።

ጨርቅ

ላዩም ገበሩም ፍላኔል ነው፣ ያ ለስለስ ያለ ጸጉር ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ቆዳ ሲነካው አይቀዘቅዝም። ፍላኔል ግን ይሰበሰባል። 50 በ50 ቆርጬ በሙቅ ውሃ አጥቤ አድርቄ ስለካው 48 በ47 ተኩል ሆኖ ወጣ፣ እንግዲህ 2 ሜትር ላይ ይሄ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ጨርቁን በሙሉ ከመቁረጤ በፊት አጥቤ በካውያ ተኩሼዋለሁ።

ላዩን ከአሮጌ ጅንስ እንድሰፋው የመከሩኝ ነበሩ፣ ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም፣ ቆሻሻ አያሳይም፣ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን ስሠራው የሱሪ ጅንስ በካሬ 400 ግራም አካባቢ ነው፣ ላዩ ብቻውን 3 ካሬ ስለሆነ 1.2 ኪሎ ይሆናል፣ ይሄ ሁሉ ሱፉ ላይ ተኝቶ አየሩን ይጨምቀዋል። ፍላኔሉ 160 ግራም ነው። ጅንሱን ያስቀመጥኩት ለምንጣፉ የመውጫ ጎን ነው፣ ወንድም ጋሼ ጫማውን ሲያደርግ የሚቀመጠው እዛ ላይ ነው፣ ግራሶም የሚነካው ያ ቦታ ነው። ጅንሱ ከራሱ ያረጀ የሥራ ሱሪ የተቆረጠ ነው፣ ከጉልበቱ በታች ያለው ክፍል ገና ደህና ነበር።

ቁራጮቹን መግጠም

የላይኛው ልብስ 140 በ220 ነው፣ ባለ 20 ሳንቲም አራት ማዕዘኖች 7 በወርድ 11 በቁመት፣ ድምር 77። ፍላኔል ጠርዙ ስለሚተረተር የስፌት ትርፉን 1 ሳንቲም አድርጌ እያንዳንዱን 22 ቆረጥኩ። ቀለሞቹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ የዝናብ ደመና የመሰለ ግራጫ። በራስ በኩል ያለው ረድፍ ላይ ፍላኔል አላደረግኩም፣ ልሙጥ የሆነ ጥጥ ነው ያለው፣ በጨለማ ሲዳብሰው ራሱ የቱ ጋ እንደሆነ በእጁ እንዲያውቅ፣ እግር ያረፈበት ጎን ፊቱ ላይ እንዳይመጣ። ረድፎቹን ስገጥም የስፌቱን ትርፍ በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ በቀጣዩ ወደ ግራ እየተኮስኩ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ አይቆለልም። ይሄ ክፍል ቶሎ ነው ያለቀው፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ሙሌቱን መስፋት

እዚህ ጋ ዘርዘር ላድርግ። ብርድ ልብስ ላይ ስፌት ባለፈበት ሁሉ ሙሌቱ ተጨምቆ ዜሮ ይሆናል፣ እና እያንዳንዱ የስፌት መስመር ብርድ የሚገባበት ቦይ ነው። ግን ሳይሰፉት ደግሞ አይሆንም፣ ሱፉ ሲታጠብ ተሰብስቦ ጥግ ላይ ይከመራል። ሙሌቱ ሲሸጥ በመስመር መሃል እስከ ስንት መራራቅ እንደሚቻል ይጻፍበታል፣ የኔው 20 ሳንቲም ይላል።

መፍትሔው ሁለቱን ልብሶች ለየብቻ ሰፍቶ መስመራቸውን ማፈራረቅ ነው። የላይኛው መስመሮቹ በአራት ማዕዘኖቹ መጋጠሚያ ላይ ይሄዳሉ፣ የታችኛው ግን ከዛ 10 ሳንቲም ተገፍቶ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ሁለቱ ሲደራረቡ የአንዱ መስመር የሌላው ወፍራም ሆድ ላይ ያርፋል፣ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ አንድም ስፌት የለም። በዛ ላይ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚበሳው አንድ ድርብ ሱፍ ብቻ ነው፣ ተራ የቤት ማሽን አይጨነቅም።

እያንዳንዱ ልብስ ሁለቱ በሚገናኙበት ጎን ሳሳ ያለ አቡጀዲ አለው፣ ከፍላኔሉ ጋር ሆኖ ሱፉን ከሁለቱም ወገን የሚይዘው። አቡጀዲውን መሬት ላይ ዘርግቼ ጠርዞቹን በፕላስተር ወጠርኩ፣ በየጎኑ 5 ሳንቲም ትርፍ አለው ምክንያቱም ሲሰፋ ይሳባል። በላዩ ሱፉ፣ በሱፉ ላይ ፍላኔሉ። እጄን ከመሃል ወደ ዳር እየጠረግኩ አስተካከልኩና በመርፌ ቁልፍ በየመዳፉ ስፋት ያዝኩት። አንዳንዱ በሚረጭ ማጣበቂያ ነው የሚይዘው፣ እኔ ሰው ሌሊቱን አፍንጫውን የሚያስጠጋው ነገር ላይ መርጨት አልፈለግኩም።

መርፌው 90 ቁጥር፣ የስፌቱ እርምጃ 3.5 ሚሊሜትር፣ ክሩ ፖሊስተር። የማሽኑ እግር ጨርቁን የሚጫንበትን ኃይል አላላሁት፣ አለበለዚያ ላዩ እየተገፋ መስመሩ መጨረሻ ላይ እጥፋት ይሠራል። ሁልጊዜ ከመሃል መጀመር ነው፣ መጀመሪያ መሃለኛው መስመር፣ ከዛ ወደ አንዱ ዳር፣ ከዛ ወደ ሌላው። ያልተሰፋውን ጎን ጠቅልዬ በማሽኑ ክንድ ስር አሳልፈዋለሁ፣ የቀረውን ከጎን ያለ ጠረጴዛ ይሸከመዋል። ክብደቱ ተንጠልጥሎ መርፌውን ከሳበው መርፌ ይሰበራል ወይ ስፌቱ ያጥራል። ፍላኔል ብናኙ ብዙ ነው፣ አንድ አንድ መስመር በጨረስኩ ቁጥር መርፌው ስር ያለውን ብረት ከፍቼ በብሩሽ እጠርጋለሁ።

እግር

የታችኛው ልብስ አጠር ይላል፣ 140 በ180፣ እግሩ ጋ ግን ሳጥን አለው። ለምን ሳጥን? ሰው በጀርባው ሲተኛ የእግሩ ጣት ወደ ላይ ይቆማል፣ ጠፍጣፋ ብርድ ልብስ እዛች ጣት ላይ ተወጥሮ ይጨመቃል፣ መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ደግሞ እሷ ናት። ሳጥኑ ለእግሩ ክፍት ቦታ ይተውለታል።

የሳጥኑ ግንባር 48 ሳንቲም ስፋት 25 ቁመት ነው፣ የላይ ሁለቱን ማዕዘኖች በሰሃን ጠርዝ አክብቤ ቆረጥኩ፣ ጠርዝ ያለው ማዕዘን ሲሰፋ ይጨማደዳልና። ውስጡ ሁለት ድርብ ሱፍ ነው። የከበበውን ሦስት ጎን በክር ስለካው 92 ሆነ፣ የልብሱ ወርድ ደግሞ 140 ነው፣ ትርፉ 48፣ ማለትም ግራና ቀኝ 24 እየሆነ ከእግር ስር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የግንባሩን መሃልና የልብሱን መሃል በጠመኔ ምልክት አድርጌ ከመሃል ወደ ዳር በስፒል ያዝኩ፣ ክቡ ጋ ስደርስ የልብሱን የስፌት ትርፍ በየ1 ሳንቲሙ በመቀስ ጫፍ ነከስ ነከስ አደረግኩት፣ ያኔ ነው ከክቡ ጋር የሚዞረው። መጀመሪያ በእጅ ረጅም ረጅም ስፌት፣ ከዛ በማሽን ሁለት ጊዜ። መጋጠሚያውን በጥብጣብ ጠቅልዬ መዘምዘሜን ደግሞ ማንም አያየውም፣ ግን በጨለማ የጥፍር ጫፍ የሚይዘው ጥሬ ጠርዝ እንዲኖር አልፈለግኩም።

የታጠፉት ሁለት ጎኖች ከግንባሩ ተነስተው 45 ሳንቲም ድረስ እርስ በርስ ተሰፍተዋል፣ ከዛ ወዲህ የመውጫው ጎን ክፍት ነው። ሙሉ በሙሉ በዚፕ የሚዘጋ የመኝታ ከረጢት ያልሠራሁት አውቄ ነው። ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ሹፌር በአንድ እንቅስቃሴ መነሳት አለበት፣ ጨለማ ውስጥ ዚፕ መፈለግ የለበትም።

ምንጣፉ

የጋዜጣውን ቅርጽ ነው የተከተልኩት። ሙሌቱ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ሁለት ድርብ። ዕድሜ ያጠጠረው ሱፍ ሰው ሲተኛበት ከዚህ በላይ አይጨመቅም፣ እና እዚህ ቦታ ላይ ከአዲስ ለስላሳ ሙሌት ይሻላል። ለላይኛው የፈራሁትን ጥቅጥቅ ስፌት እዚህ በነጻነት ነው የሰፋሁት፣ መስመሮቹ በ8 ሳንቲም ርቀት። ማዕዘኖቹ ላይ ላስቲክ አለ፣ ፍራሹን ታቅፎ እንዲይዝ።

በግድግዳው በኩል 30 ሳንቲም ወደ ላይ የሚወጣ ክንፍ ጨመርኩበት፣ ክርኑ ቆርቆሮ እንዳይነካ። ጋቢናው ላይ ምንም አልበሳሁም፣ የዕቃ መረብ የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ ላይ በጨርቅ ማሰሪያ ይታሰራል። ማሰሪያው ቋጠሮው በአንድ ሳብታ የሚፈታ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም በየጠዋቱ ክንፉ ወርዶ ግድግዳው መናፈስ አለበት፣ ከኋላው ጤዛ ተሰብስቦ ከዋለ ሻጋታ ነው።

ቁልፎቹ

ሁለቱን የላይ ልብሶች ለማያያዝ ተጭኖ የሚዘጋውን የፕላስቲክ ቁልፍ ተጠቀምኩ፣ በየ20 ሳንቲሙ ዙሪያውን። ብረቱ ቆዳ ላይ ይቀዘቅዛል። ቬልክሮ የሚባለው ተለጣፊ ማሰሪያ ደግሞ የፍላኔሉን ጸጉር ነቅሎ ይጨርሰዋል፣ ካልሲም አይለቅም። ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ላይ ከውስጥ ትንሽ የጅንስ ቁራጭ ደግፌዋለሁ፣ ሳሳ ያለ ጨርቅ ብቻውን በሁለት ሦስት ሳብታ ይቀደዳል።

ራስ በኩል 30 ሳንቲም ስፋት ያለው የሚወልቅ ሽፋን አለ፣ ጺም፣ ላብና ቅባት የሚነካው እሱ ነው፣ ለብቻው ታጥቦ ይመለሳል። ሁለት አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይሠራል። ሁለቱ የላይ ልብሶች አንድ ላይ ተመዝነው 2.5 ኪሎ ገደማ ናቸው።

ጋቢና ውስጥ ካደረ በኋላ

ማታ አንጥፌለት ሄድኩ፣ ጠዋት ደወለ። «እግሬን ረሳሁት» አለኝ፣ «እግር እንዳለኝ ራሱ ትዝ ያለኝ ስነሳ ነው።» ከታችም አልበረደውም። አንገቱ ጋ ግን ሲገላበጥ ንፋስ እንደሚገባ ነገረኝ። ትከሻ ሲነሳ በአንገትና በልብሱ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ከስር የሞቀው አየር በዛች ክፍተት ተገፍቶ ይወጣል። እና ከውስጥ በኩል፣ ከራስ ጠርዙ 10 ሳንቲም ወረድ ብሎ፣ ሱፍ የተሞላ የክንድ ውፍረት ያለው ጥቅልል ሰፋሁበት፣ ትከሻው ላይ ወድቆ ክፍተቱን ይሞላል። አልተወጠረም፣ ላላ ብሎ ነው የተንጠለጠለው፣ በተገላበጠ ቁጥር አብሮት ይገላበጣል። አሁን ያ ቅሬታ የለም፣ ሞተሩንም አጥፍቶ ነው የሚያድረው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ የሹፌር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ ንገሯቸው፦ ጋቢና ውስጥ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ ተብሎ አይለኮስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ነው የሚወስደው። የናፍጣ ማሞቂያ ያለውም የጭስ ማውጫው ወደ ውጪ መውጣቱንና አለመሰንጠቁን ማየት አለበት፣ ጋዙን የሚለይ ትንሽ ማንቂያ ደወልም ይሰቀል። ብርድ ልብሱንም ከማሞቂያው የአየር መውጫ አፍ ላይ አታንጥፉት።

እጥበትና አያያዝ

የታጠበው በ30 ዲግሪ፣ በሱፍ ፕሮግራም፣ ለየብቻ ነው። ማለስለሻ አልጨመርኩም፣ ቃጫውን ይሸፍንና እርጥበት የመያዝ አቅሙን ይቀንሰዋል። ሲወጣ መጠምዘዝ የለም፣ በፎጣ ጠቅልሎ መጫን ብቻ፣ ከዛ በቁሙ ሳይንጠለጠል ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ለካሁት፣ ላዩ 140 በ219 ሆኗል፣ መስመሮቹም ቀጥ እንዳሉ ናቸው፣ ሱፉ የትም አልተከመረም።

ለወንድም ጋሼ የነገርኩት ይሄን ነው፦ ጠዋት እንደተነሳህ ወዲያው አጥፈህ አታስቀምጠው፣ ገልጠህ ተወው፣ ክንፉን አውርድ፣ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርግ፣ ቁርስህን በልተህ ጎማህን አይተህ ስትመለስ ያኔ ታነሳዋለህ። ስታነሳውም ጠበቅ አድርገህ አትሰረው፣ ላላ አድርገህ ጠቅልለህ እግር ጋ አስቀምጠው፣ ሳምንት ሙሉ ተጨምቆ የቆየ ሱፍ ማታ ላይ ቶሎ አይነሳም።

አሁን ለረዳቱ የላይኛው ተጣጣፊ አልጋ የሚሆን ጀምሬያለሁ። እሱ 60 ሳንቲም ብቻ ነው ስፋቱ፣ ከጣሪያው ጋር ይቀራረባል፣ ጤዛውም ከላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የላይኛው ልብስ ጨርቅ ውሃ ቶሎ የማይጠጣ ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ያለው ጥጥ ይሆናል። ወረቀቱን ቆርጫለሁ፣ ጨርቁ ታጥቦ እየደረቀ ነው።